አሥር እስኪቆጠር

ወደብ ላይ ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም፤ አብዛኛው ስም ግን ለመሳደብ የወጣ ነው። ለማክበር የወጣው «ጋሽ መዳፍ» የሚለው ብቻ ነበር። ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት ማመላለሻ ጀልባ ሆድ ውስጥ፣ ከአንድ ሞተር ጋር ኖሯል። ሚስቱ «እኔን ያገባኸኝ ለእሁድ ብቻ ነው» እያለች ትስቅበት ነበር፤ እውነቷን ነው።

ስሙ የወጣለት ከቀኝ እጁ ነው። ጀልባዋ ሰውና ዕቃ ጭና በቀን ሁለቴ ከዳር እስከ ዳር ትመላለሳለች፤ ሞተሯም የሚቀዘቅዘው በሁለት ውኃ ነው። አንዱ ውኃ ከሞተሩ ወጥቶ አያውቅም፤ እዚያው እየዞረ ሙቀቱን ይሸከማል። ሌላው ከጀልባዋ ሥር ተስቦ ይገባል፣ በማጣሪያ ያልፋል፣ የውስጡን ውኃ ሙቀት ይቀበልና ከጭሱ ጋር በጎን ተተፍቶ ይወጣል። ሁለቱ እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ግድግዳ እንጂ ሰላምታ አይጋሩም። የውጩ ውኃ ሲበዛ ሞተሩ ይበርደዋል፣ ጥቀርሻ ይጠጣል፣ ናፍጣ ያባክናል። ሲያንስ ደግሞ ይግላል፤ የጋለ ሞተር ምን እንደሚያደርግ ለማንም መንገር አያስፈልግም።

ሙቀቱን የሚመጥን ቴርሞስታት የሚባል ትንሽ ዕቃ ነበረው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተበላሸ፤ መለዋወጫ ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ። ጋሽ መዳፍ ፈቶ አወጣውና «ከዛሬ ጀምሮ ቴርሞስታቱ እኔ ነኝ» አለ። የሰማው ሁሉ የቀለደ መሰለው፤ እሱ ግን አልቀለደም። የውጩ ውኃ ሙቀቱን ተቀብሎ በሚወጣበት በኩል ትንሽ ቧንቧ ገጠመ፤ እንደ ቤት ቧንቧ የሚከፈትና የሚዘጋ። በየጉዞው እሷን ይከፍትና ውኃውን በቀኝ መዳፉ ተቀብሎ ይቆጥራል። ሦስት ላይ እጁን ካስለቀቀው ውኃው አንሷል፣ የመግቢያውን ቫልቭ ከፈት ያደርገዋል። አሥር ደርሶ ምንም ካልመሰለው ውኃው በዝቷል፣ ዘጋ ያደርገዋል። ሰባት ስምንት ላይ መዳፉን ቆንጠጥ ካደረገው ልክ ነው፤ እጁን በሱሪው ይጠርግና «እማማ ደህና ናት» ብሎ ወደ ላይ ይጮኻል። ሞተሯን እማማ ነበር የሚላት።

ላይ መሪው አጠገብ የሙቀት መለኪያ ጌጅ አለ። ይህ ጌጅ ሁለት ጊዜ ዋሽቶ ሁለት ጊዜ ተዋርዷል። አንዴ ሞተሩ ሳይግል ጋለ ብሎ ሃምሳ ሰው መሃል ውኃ ላይ አስጨነቀ። ሌላ ጊዜ ሞተሩ ሲፈላ እሱ ዝም አለ። ሁለቱንም ጊዜ እውነቱን የተናገረው እጁ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋሽ መዳፍ ጌጁን በጥፍሩ ቀጭ ያደርገውና «ከእጅ አይሻል ዶማ» ይላል፣ ተሳፋሪም ይስቃል፣ ካፒቴኑም ይስቃል።

ካፒቴኑ የልጁ ባል ነው። ዝምተኛ፣ ረጅም፣ ሲናገርም ሲራመድም የማይቸኩል ሰው። ልጁን ሊጠይቅ የመጣ ዕለት ጋሽ መዳፍ «ጀልባ ነጅና ንፋስ አንድ ናቸው፣ የትም ይሄዳሉ» ብሎ ሊቀልድበት ሞክሮ ነበር። ወጣቱ አልሳቀም። «እኔ የትም አልሄድም፣ እርስዎ ባሉበት ሞተር ላይ ነኝ» አለው። ያን ቀን ወደደው። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ በአራት ዓመት ውስጥ እንዳለው ሆነ።

አንድ ማለዳ የጋሽ መዳፍ ሚስት ድስት አውርድልኝ አለችው። ሳይመለከት ከምድጃው አንስቶ መሬት አስቀመጠላት። የድስት መያዣው ጨርቅ እጇ ላይ ቀርቷል።

«አንተ ሰው፣ እጅህ ቆዳ ነው ወይስ ጎማ?» ብላ ሳቀች። ቀጥላ መዳፉን ያዘችና ገለበጠችው፤ ሁለት ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። ሳቋ እዚያው ቀረ። «አልተሰማህም?»

«ምን ያህል ይግላል ብለሽ ነው?» አላት፣ እጁን ከእጇ እየነጠቀ።

እሷ ግን ሦስት ቀን ጨቀጨቀችው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እያለች ጤና ጣቢያ ድረስ አስኬደችው። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ዓይንዎን ይጨፍኑ አለችው፤ ጨፈነ።

«አሁን ምን ይሰማዎታል?»

«ምኑ?» አላት።

«ሦስት ጊዜ በመርፌ ወጋሁዎት» አለች ቀስ ብላ። ግራውንም ሞከረች፤ ያው ነው። የስኳር በሽታ እንዳለበትና ብዙ ዓመት ሳይታወቅ እንደቆየ፣ የሞተሩ መንቀጥቀጥም እንደጨመረበት፣ ነርቭ አንዴ ከሞተ እንደማይመለስ ነገረችው። ለስኳሩ ክኒን ጻፈችለት። ከዚያ «ሥራዎ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ጡረታ ወጥቻለሁ» አላት።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱን «ድርቀት ነው፣ ቅባት አዘዘችልኝ» አላት፤ መንገድ ላይ የገዛውንም ቅባት አሳያት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሱ ይህን ተረት ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ተርቶታል። አሁን ግን ፈራ። የፈራው ሞትን አልነበረም፤ ከወደቡ በር ወጥቶ፣ ማንም ምንም የማይጠይቀው አንድ ሽማግሌ ሆኖ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ መሞቅን ነው የፈራው። ደግሞም መርፌ ሌላ ውኃ ሌላ ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። መርፌን ከመቼ ወዲህ ነው የሚያውቀው? ውኃን ግን ሠላሳ አንድ ዓመት አውቆታል።

በማግስቱ ትንሿን ቧንቧ ከፈተ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ውኃው መዳፉን ሲገፋው ይሰማዋል። ስምንት። ዘጠኝ። አሥር። ቁንጥጫ የለም። ወራቱ የብርድ ነው፣ ውኃው ቢቀዘቅዝ ምን ይገርማል አለና የመግቢያውን ቫልቭ የአንድ ጣት ያህል ዘጋው። «እማማ ደህና ናት!»

በሳምንቱም አሥር ደረሰ፤ የአንድ ጣት ያህል ዘጋ። በሁለተኛው ሳምንትም እንዲሁ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት ይኸው ነው። በየሳምንቱ አንዲት ጣት፣ ለዓይን የማትታይ፣ ለልብ የማትከብድ። እጁ ሁሉንም ውኃ ቀዝቃዛ ይለዋል፣ እሱም እጁን ያምናል፣ ሞተሯም ውኃ እየተነፈጋት ትሄዳለች።

ጌጁ ይህን ጊዜ አልተኛም። ሰማንያ ላይ የኖረው ቀስት ሰማንያ ስምንት ሆነ፣ ከዚያ ዘጠና ሁለት።

«አባባ፣ ይሄ ነገር ከፍ እያለ ነው» አለው ካፒቴኑ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ።

«ጌጅም እንደ ሰው ሲያረጅ ያጋንናል» አለው።

«ላስቀይረው?»

«ለሚሞት ሽማግሌ አዲስ ጫማ አይገዛም፤ ተወው።»

ካፒቴኑ ፈገግ አለና ተወው። ጋሽ መዳፍ ግን ያን ቀን ወደ ቤት ሲሄድ የጌጁን ቁጥር እያሰበ ነበር። መንገድ ላይ ከአንድ ሱቅ በር የብረት ዘንግ በመዳፉ ጨበጠ፤ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ዘንግ ነው። ሞቀኝ ወይስ አልሞቀኝም ብሎ አሰበ። እጁን ኪሱ ከቶ መንገዱን ቀጠለ።

አደጋው የደረሰ ዕለት ንፋሱ ከፊት ነበር። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ በመልስ ጉዞ ላይ፣ አርባ ስድስት ሰውና ከአቅም በላይ ማዳበሪያ ተጭኗል። ካፒቴኑ ንፋሱን ለመግፋት ሞተሩን እስከ ጥጉ ሰጠው። በስተቀኝ፣ ብዙም ሳይርቅ፣ ድንጋያማው ዳርቻ ይታያል።

«አባባ!» የካፒቴኑ ድምፅ በመሰላሉ ቀዳዳ ወረደ። «መቶ ሦስት ይላል!»

«ውሸቱን ነው!»

«ዛሬስ አልመሰለኝም። ድንጋዩ ሳይቀርበን መልሕቅ ልጣልና አጥፍተን እንፈትሽ፤ ምን ይመስልዎታል?»

«ቆይ፣ እጄን ልጠይቀው!»

ትንሿን ቧንቧ ከፈተ። ውኃው በጥቂቱ ነው የወረደው፤ ደግሞም ጭስ ጭስ ይላል። ዓይኑ ይህን አይቶታል። ልቡ አንድ ጊዜ ድንግጥ ብሎ ነበር፤ ያንንም ሰምቶታል። ብርድ ነው፣ በብርድ ጊዜ ምን የማይጨስ አለ አለና መዳፉን ከሥሩ አደረገ። አንድ። ሁለት። ሞተሯ እንደ ወትሮው አታጉረመርምም፤ ታቃስታለች። አምስት። ስድስት። የሚሰማው የውኃው ግፊት ብቻ ነው። ዘጠኝ። አሥር።

«ለብ እንኳ አላለም!» ብሎ ጮኸ። «ንዳ!»

ካፒቴኑ ነዳ። ሁለቴ የዋሸ ጌጅና አንዴም ዋሽቶ የማያውቅ እጅ ፊቱ ቀርበው እጁን መረጠ። ማን ቢሆን ሌላውን ይመርጥ ነበር?

ሩብ ሰዓት ያህል ሄዱ። ከሞተሩ ጀርባ ጭሱንና ውኃውን አንድ ላይ የሚያስወጣው ወፍራም የጎማ ቱቦ ውኃ ጠምቶት ሲቀልጥ ኖሮ ድንገት ተተረተረ። ጭሱ ክፍሉን ሞላው። ጋሽ መዳፍ ወደ መሰላሉ ሁለት እርምጃ ተራመደ፣ ሦስተኛውን አላስታወሰውም፤ እዚያው ወደቀ።

ያስታወሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አንድ ሰው ቀኝ እጁን ጨብጦ ይጎትተዋል። ጨበጣው ሸርተት ብሎ ይለቀዋል፣ እንደገና የእጁን አንጓ ይይዘዋል። ካፒቴኑ ነው። መሪውን ጀልባዋን ለሚያስረው ለገመድ ሠራተኛው ትቶ ወርዷል። በብብቱ ሥር ገብቶ ወደ መሰላሉ አነሳው፤ ከላይ ያሉት ሰዎች ኮሌታውን ይዘው ሳቡት። ካፒቴኑ ከኋላው አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ እንዳደረገ የውስጡ ውኃ ማጠራቀሚያ ፈነዳ። ያ ከሞተሩ ወጥቶ የማያውቀው ውኃ እየፈላ ጀርባው ላይ ወጣ።

ሞተሯ ከግለቷ የተነሳ ብረቷ ተጣብቆ ቆመች። ገመድ ሠራተኛው መልሕቅ ጥሎ ጀልባዋ ከድንጋዩ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀራት አቆማት። ሌላ ጀልባ መጥቶ ጎተታቸው። ከአርባ ስድስቱ ተሳፋሪ አንድም ሰው አልተጎዳም።

ካፒቴኑ አራት ቀን ኖረ። ሚስቱ ከአልጋው አጠገብ ካለች ወንበር አልተነሳችም። በሁለተኛው ቀን ጋሽ መዳፍ ቀኝ እጁ እስከ አንጓው ተጠቅልሎ ሊጠይቀው ገባ። ካፒቴኑ በሆዱ ተኝቷል፤ በፋሻው መሃል የሚታየው አንድ ዓይኑና ከንፈሩ ነው። ያ ዓይን ወደ ተጠቀለለው እጅ ሄደና እዚያው ቆየ።

«እጅዎ እንዴት ነው፣ አባባ?» አለው።

«ደህና ነው ልጄ፣ ደህና ነው» አለና ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ይዞ አለቀሰ።

በቀብሩ ዕለት ወደብተኛው ተሰልፎ መጣ። እያንዳንዱ ሰው የጋሽ መዳፍን የተጠቀለለ እጅ በሁለት እጁ ይዞ ይስማል። ወሬው ከየት እንደተነሳ አይታወቅም፤ ወሬ እናት የለውም። አማቹን ሊያወጣ ሲል ነው አሉ የተቃጠለው። የጋለውን ብረት በባዶ እጁ ይዞ ነው አሉ። እንዲህ ያለ አማት የት ይገኛል አሉ። አንድ ሽማግሌ መርከበኛ እያለቀሰ «ይሄ እጅ ስንቱን አዳነ!» አለ። ጋሽ መዳፍ እጁን ለሚቀጥለው ሰው ሰጠ። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። ነው እንጂ! ከመዋሸትም ይብሳል፤ የዋሸ ሰው ቢያንስ አፉን ደክሞታል።

ልጁ ከቀብሩ በኋላ ወደ እናትና አባቷ ቤት ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ፣ ሁልጊዜ በዚያው በተለመደ ሰዓት፣ ቅባትና ንጹሕ ፋሻ ይዛ በርጩማ ስባ ከፊቱ ትቀመጣለች።

«እጅህን አምጣ፣ አባዬ።»

ይሰጣታል። ፋሻውን ትፈታለች፤ የተጣበቀውን በለብታ ውኃ እያራሰች ታላቅቃለች። አታለቅስም። የዳነውንና ያልዳነውን እያየች፣ ቀና ሳትል፣ በየቀኑ ያንኑ አንድ ነገር ትጠይቀዋለች።

«መቼ ነው የተቃጠልከው?»

«ያኔ ነዋ፤ እዚያ ጭሱ ውስጥ።»

«ከመውደቅህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«እሱን ማን ልብ ይላል፣ ልጄ?»

ቅባቱን ትቀባለች፣ ትጠቀልላለች፣ ቋጠሮውን ታጠብቅና ትነሳለች። በማግስቱ በዚያው ሰዓት እንደገና ትመጣለች፣ እንደገና ትጠይቃለች። እሱ ሐዘን ነው ይላል፤ ሐዘንተኛ አንዱን ነገር ደጋግሞ ይጠይቃል። አንድ ቀን ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር። የጸጉሯን መሃል አየ፤ ባለፈው ወር ያልነበረ ሽበት በቅሎበታል። አፉን ዘጋ።

ከወደቡ ጽሕፈት ቤት መርማሪው የመጣው ካፒቴኑ በተቀበረ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ነው። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትሑት፣ ጫማውን በር ላይ በደንብ የጠረገ ሰው። ሚስትየው ወንበር ሰጠችው። ልጁ ሻይ ልታፈላ በራዱን ምድጃ ላይ ጣደች፤ ምድጃው እዚያው ክፍል ጥግ ላይ ነው፣ የሚባለው ሁሉ ይሰማታል።

መርማሪው ወረቀቱን አወጣና እየተቸገረ አነበበው። የጀልባዋ ካፒቴን የሙቀት መለኪያው ከመጠን በላይ ማሳየቱን እየተመለከተ፣ ሞተሩን ባለማጥፋቱና መልሕቅ ባለመጣሉ፣ በራሱ ላይ ሞት፣ በንብረት ላይ ጉዳት፣ በአርባ ስድስት ሰዎች ሕይወት ላይ አደጋ አድርሷል። በቸልተኝነት።

«ገመድ ሠራተኛው ጌጁ መቶ ሦስት ሲል በዓይኔ አይቻለሁ ብሏል» አለ መርማሪው። «ካፒቴኑ ወደ እርስዎ ሲጣራ ሰምቷል፤ የተባባላችሁትን ግን በንፋሱ ምክንያት አልሰማም። የእርስዎ ቃል ብቻ ነው የቀረን። የሟችን ስም ማንሳት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን ጌጁ ከፊቱ ነበር። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

በራዱ መንተክተክ ጀመረ። ልጁ በጨርቅ ይዛ አመጣችውና ጠረጴዛው ላይ፣ በወረቀቱና በአባቷ መሃል አስቀመጠችው። ብርጭቆ አላመጣችም። ቆማ አባቷን አየችው። ዓይኗ ሆስፒታል ያየውን ያንን አንድ ዓይን ሆነበት፤ ጋሽ መዳፍ ያን ጊዜ ነው የገባው። «እጅዎ እንዴት ነው?» ያለው ልጅ ሊያጽናናው አልነበረም የጠየቀው።

እስክሪብቶውን በግራ እጁ ይዞ ነበር። አስቀመጠው።

«ጌጁ አልዋሸም» አለ። «ልጁም ቸልተኛ አልነበረም። መልሕቅ ልጣል አለኝ። አትጣል፣ ንዳ ያልኩት እኔ ነኝ። ውኃውን በዚህ እጅ ቆጠርኩና ለብ እንኳ አላለም አልኩት። ይሄ እጅ ሞቷል። ሐኪም ነግራኝ ነበር። የተቃጠለውም ልጁን ሳወጣ አይደለም፣ ያኔ ነው፣ ስቆጥር። የውኃ መግቢያውንም አንድ ወር ሙሉ ስዘጋው የኖርኩት እኔው ነኝ።»

ሚስቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ድስቱ ትዝ ብሏታል።

መርማሪው ግን በሐዘኔታ ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ ገብቶኛል» አለ። «የአማችዎን ስም ለማትረፍ ነው። እሱን ሊያወጡ እጅዎን እንዳጡ ወደቡ በሙሉ ያውቃል። አሁን ደግሞ ጥፋቱን ሊሸከሙለት ይፈልጋሉ። እግዜር ያክብርዎት፤ እኔ ግን ይህን መጻፍ አልችልም።»

«እውነቴን ነው!»

«እንዴት ብሎ ነው ሰው መዳፉን የፈላ ውኃ ውስጥ አድርጎ እስከ አሥር የሚቆጥረው? ማን ያምነኛል?» ወረቀቱን በጣቱ ወደ እሱ ገፋ አደረገው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጋሽ መዳፍ ወረቀቱን አየ። ቀጥሎ ያልተጠቀለለውን፣ ጤነኛ የሚመስለውን ግራ እጁን አየ። ዘረጋና በራዱን ከነሆዱ ጨበጠው።

«አንድ» አለ።

መርማሪው መጀመሪያ አልገባውም።

«ሁለት። ሦስት።»

«ኧረ ጋሼ! ኧረ ምን ነካዎት!» ወንበሩ ወደቀ። መርማሪው ሊያስለቅቀው እጁን ዘረጋ፤ ልጁ ክንዱን ያዘችው።

«ይተዉት» አለች። «ይቁጠር።»

«አራት» አለ ጋሽ መዳፍ። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ሕመም ቢሰማው ያን ጊዜ ደስ ባለው ነበር፤ አማቹን የገደለው አለመሰማቱ ነው። ሚስቱ በሩ ሥር ተቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። «አምስት። ስድስት።» የቆዳው ሽታ ክፍሉን ያዘው።

«ሰባት» አለች ልጁ፣ ከእሱ ቀድማ። የእጁን አንጓ ያዘችና ጣቶቹን አንድ በአንድ ከበራዱ አላቀቀች። መዳፉን ወደ ላይ ገልብጣ ለመርማሪው አሳየችው። «ባሌ ሰባት ስምንት ላይ ይቆነጥጣል ይለኝ ነበር። እንዲህ ነው የሚለኩት።»

መርማሪው ጎንበስ ብሎ መዳፉን አየው።

«ይጻፉት» አለችው። «እኔም ቃሌን እሰጣለሁ። ሆስፒታል በገባ ዕለት ነግሮኛል። ሊጎትታቸው ቀኝ እጃቸውን ሲጨብጥ ቆዳው እጁ ላይ ቀረ፤ እሳቸው ግን አልጮኹም። እጃቸው እንደሞተ ያኔ ነው የገባው። ለማንም እንዳትነግሪ፣ ራሳቸው ይናገራሉ፣ አባባ እንዲህ ያለ ነገር ይዘው አይቀመጡም ብሎ አስማለኝ።»

«ታውቂ ነበር?» አለ ጋሽ መዳፍ። «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ቀን ታውቂ ነበር?»

«በየቀኑ ጠይቄያለሁ» አለች፣ ወደ እሱ ሳትዞር።

መርማሪው ወንበሩን አንስቶ ተቀመጠ። የመጣበትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና ባዶ ወረቀት አውጥቶ ጻፈ። ሐኪሟን፣ ድስቱን፣ ቫልቩን፣ መልሕቁን እያንዳንዱን ጠየቀ፤ ጋሽ መዳፍ አንዱንም ሳይቀንስ መለሰ። ሲጨርሱ እስክሪብቶ መያዝ አልቻለም፤ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክተው አስፈረሙት። መርማሪው በሩ ላይ ዞር ብሎ በራዱን አየና ወጣ። ለጋሽ መዳፍ የፍርድ ቤት መጥሪያው በሳምንቱ እንደሚደርሰው ያውቃል፣ ጋሽ መዳፍም ያውቃል።

ሰዓቱ ያ የዘወትሩ ሰዓት ሆኖ ነበር። ልጁ ቅባቱንና ፋሻውን አመጣች። በርጩማውን ስባ ከፊቱ ተቀመጠች። መጀመሪያ ቀኙን እንደ ልማዷ ፈታች፣ አጠበች፣ ቀባች፣ ጠቀለለች። ምንም አልጠየቀችውም። ቋጠሮውን ካጠበቀች በኋላ እንደ ሌላው ቀን አልተነሳችም፤ ሁለተኛ ፋሻ ከመጠቅለያው አወጣች።

«ግራ እጅዎንም ያምጡ» አለችው፣ እንደ ሌላ ሰው አባት።

ሰጣት።